ስለ ከለር ግሬዲንግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከለር ግሬዲንግ (የቪዲዮን ብርሃንና ቀለም የማስተካከል ሥራ) ልማር ብሎ ኢንተርኔት የከፈተ ሰው ከትምህርቱ በፊት ገበያውን ያገኛል። «ቪዲዮህን በአንድ ጠቅታ ሲኒማ አድርገው» የሚሉ የላት (LUT፣ የተዘጋጀ የቀለም ቅንብር) ጥቅሎች፣ ለሁለት ተከፍለው «በፊት» እና «በኋላ» የተጻፈባቸው ምስሎች፣ ያለ እነርሱ ሥራ አይሠራም የሚባሉ መሣሪያዎች ይደረደሩለታል። ገበያ መኖሩ አይገርምም። የሚያሳዝነው ሸቀጥ ለመሸጥ የተነገረው ወሬ እንደ እውቀት ተቆጥሮ ከአንዱ ጀማሪ ወደ ሌላው መተላለፉ ነው። ከዚህ በታች ያሉት አባባሎች አብዛኞቹ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ቀለም ባለቀ ምስል ላይ የሚደረብ ነገር ነው የሚለው እምነት።

«ጥሩ ላት ካለኝ ሥራው አለቀ»

ላት የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። ይህን ያህል ቀይ፣ ይህን ያህል አረንጓዴ፣ ይህን ያህል ሰማያዊ ሲመጣ በዚህ ይተካ ይላል፤ ከዚያ ያለፈ እውቀት የለውም። በብዛት የሚሠራበት ዓይነት በየጎኑ 33 ነጥብ ያለው ኩብ ሲሆን በድምሩ 35,937 ነጥቦችን ይይዛል፤ በነጥቦቹ መካከል የሚወድቁትን ቀለሞች ፕሮግራሙ በስሌት ይሞላቸዋል። ፍሬሙ ውስጥ ያለው ፊት ይሁን ግድግዳ፣ ቀረጻው ይጨልም ይንጣ፣ ለሠንጠረዡ ልዩነት የለውም።

ስለዚህ የላቱ ባለቤት ሲሠራው ያሰበው ምስል እና የእናንተ ምስል ካልተመሳሰሉ ውጤቱ መበላሸቱ አይቀርም። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ላት መኖሩን መለየት ይገባል። አንደኛው ሎግ የሆነውን (ብርሃኑ ተጨምቆ ደብዛዛ የሚመስለውን) ቀረጻ ሬክ 709 ወደሚባለው መደበኛ የቴሌቪዥን የቀለም ደረጃ የሚለውጥ ነው። ሁለተኛው መልክ የሚሰጥ ሲሆን በአብዛኛው አስቀድሞ የተለወጠ ምስል ይጠብቃል። መልክ ሰጪውን በቀጥታ ሎግ ላይ የጫነ ሰው የደበዘዘ ግራጫ ያገኛል፤ ለዋጩን ተራ ቪዲዮ ላይ የጫነ ደግሞ ጥላው የጠቆረ፣ ፊቱ ብርቱካን የመሰለ ምስል ይገጥመዋል። ከዚያ በኋላ «ላቱ መጥፎ ነው» ተብሎ ሌላ ጥቅል ይገዛል።

ቅደም ተከተሉም ውጤቱን ይወስናል። ላቱን የመጨረሻው ኖድ (በፕሮግራሙ ውስጥ አንዱ የማስተካከያ ደረጃ) ላይ አስቀምጡ፤ ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን መጠን) እና ዋይት ባላንሱን (ነጩ ነጭ የሚሆንበትን ሚዛን) ከእርሱ በፊት ባለው ኖድ አስተካክሉ። ላቱ ነጭ አድርጎ የቆረጠውን የሰማይ ዝርዝር ከላቱ በኋላ ብርሃን በመቀነስ መመለስ አይቻልም፤ ነጩ ወደ ግራጫ ይወርዳል እንጂ ደመናው አይታይም። ደማቅ ደመና ያለበት አንድ ክሊፕ ወስዳችሁ በሁለቱም መንገድ ሞክሩት።

«ሎግ ያልሆነ ቪዲዮ ግሬድ አይደረግም»

ሎግ ካሜራው የሚያየውን ሰፊ የብርሃን ልዩነት ጨምቆ የማስቀመጫ ዘዴ ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ዋጋውን ግን ብዙዎች አይናገሩም። ባለ 8 ቢት ቪዲዮ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃዎች ብቻ አሉት፤ ባለ 10 ቢት 1,024 አለው። ያንን ጥቂት ደረጃ ሎግ ላይ ሰፋ ላለ ብርሃን ካካፈልነው በኋላ ግሬድ ስናደርገው መልሰን እንለጥጠዋለን። በመለጠጡ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ክፍተቱም ጥርት ያለ ሰማይ ላይ እንደ ደረጃ የተደራረቡ ሰንበሮች ሆኖ ይወጣል። ካሜራው 8 ቢት ብቻ የሚቀርጽ ከሆነ በትክክለኛ ኤክስፖዠር በመደበኛ ፕሮፋይል የተቀረጸው ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ሌላው ስሕተት ሎግን ከሮ (የካሜራው ሴንሰር ያየው ሳይቀነባበር ከሚቀመጥበት ቀረጻ) ጋር አንድ ማድረግ ነው። በተጨመቀ የሎግ ቪዲዮ ውስጥ ዋይት ባላንሱ ከምስሉ ጋር አብሮ ተቀርጿል። ሮ ላይ ግን ውሳኔው ለኋላ ይቆያል።

«ግሬዲንግ ማለት ቀለም መጨመር ነው»

ይህ የሁሉም እናት ነው፤ ስለዚህ ቆም ብለን እንየው።

የጀማሪ ሥራ የሚታወቀው በሳቹሬሽኑ (በቀለሙ ድምቀት) ነው። ምስሉ ሕይወት አጣ ብሎ ሲያስብ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ምስሉ የጎደለው ግን ብዙ ጊዜ ኮንትራስት (የብርሃንና የጥላ ልዩነት) ነው። አንድ ክሊፕ ክፈቱና ሳቹሬሽኑን ወደ ዜሮ አውርዱት። በጥቁርና ነጭ ስታዩት ዓይናችሁ መጀመሪያ የት ያርፋል? ፊቱ ላይ ካልሆነና ከጀርባ ባለው መስኮት ላይ ከሆነ ችግሩ የብርሃን ነው፤ የትኛውም ቀለም አይፈታውም። መስኮቱን ዝቅ፣ ፊቱን በመጠኑ ከፍ፣ ጥላውን ጠበቅ አድርጉና ሳቹሬሽኑን ወደ ነበረበት መልሱት። ቀለሙን ሳትነኩት የደመቀ ይመስላችኋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማመጣጠን ነው፤ ነጩ ነጭ፣ ግራጫው ግራጫ እንዲሆን። ከዚያ የአንዱን ሾት መልክ ከሚቀጥለው ጋር ማስማማት ይመጣል። ባለሙያ የሚለፋው እዚህ ላይ ነው፤ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ግን ያልፉታል፤ አንድ ሾት ብቻ ይዞ ማሳየት ስለሚቀል። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ በየተራ የሚያሳዩ ሾቶች አሉ እንበል፤ አንደኛው የተቀረጸው ጠዋት ነው፣ ሌላኛው ደመና ከመጣ በኋላ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምንም እንከን አይወጣለትም። ሲቀጣጠሉ ግን ግድግዳው በየሦስት ሰከንዱ ከሞቃት ወደ ቀዝቃዛ ይዘላል፤ ተመልካቹም ምክንያቱን ሳያውቅ ከንግግሩ ይወጣል። መፍትሔው ከአንዱ ሾት ፍሬም ወስዶ ማመሳከሪያ እንዲሆን ማስቀመጥ፣ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ መጀመሪያ ጥላውን፣ ቀጥሎ ደማቁን፣ በመጨረሻ መካከለኛውን ብርሃን ማስማማት ነው። አሰልቺ ነው። ይህንን የማይወድ ሰው ሙያውን የሚወደው አይመስለኝም።

«መልክ» የሚባለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ታዋቂውን የብርቱካንና የሰማያዊ-አረንጓዴ ጥምረት እንኳ ብንወስድ የሚሠራበት ምክንያት አለው፤ የሰው ቆዳ በብርቱካን አካባቢ ይወድቃል፣ ከእርሱ በተቃራኒ ያለው ቀለም ከጀርባ ሲሆን ሰውየው ጎልቶ ይታያል። ጥላውን ሁሉ በጅምላ ሰማያዊ የሚያደርግ ሰው ግን የፊቱን ጥላም አብሮ ይነክረዋል፤ ያኔ የተፈለገው ልዩነት ራሱ ይጠፋል። አንዳንድ ጊዜ ከኋላ ያለውን የቅጠል አረንጓዴ በመጠኑ መቀነስ ብቻ ፊቱን ያወጣዋል።

«ዓይኔ ይበቃኛል»

አይበቃም። ዓይን ፊቱ የቀረበለትን ሁሉ እንደ መደበኛ ወደ መቀበል ያዘነብላል፤ አረንጓዴ ያጠላበትን ምስል ለደቂቃዎች ያየ ሰው አረንጓዴነቱን መለየት ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የኤምአይቲው ኤድዋርድ አደልሰን ባቀረበው ታዋቂ ምስል ላይ አንድ ሲሊንደር በቼዝ ሰሌዳ ላይ ጥላ ጥሎ ይታያል። ብርሃን ላይ ያለው አንድ ካሬ ጥቁር፣ ጥላ ውስጥ ያለው ሌላ ካሬ ነጭ ይመስላል። ሁለቱ ግን በልክ አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው። ይህንን እያወቁ እንኳ ዓይን ማመን እምቢ ይላል።

ስኮፕ (የምስሉን ብርሃንና ቀለም በግራፍ የሚለካ መሣሪያ) የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዌቭፎርም በተባለው ስኮፕ ላይ አግድም ያለው የምስሉ ግራና ቀኝ ነው፤ ቁመቱ የብርሃኑ መጠን ነው። ፓሬድ ይህንኑ ለቀይ፣ ለአረንጓዴ እና ለሰማያዊ ለየብቻ ያሳያል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ፍሬሙ መሃል ቆሟል እንበል። በሦስቱም ዓምዶች መሃል ላይ ሸሚዙ እንደ ጉብታ ይታያል። የሰማያዊው ጉብታ ከቀዩ ከፍ ብሎ ከታየ ዓይናችሁ «ነጭ ነው» ቢላችሁም ሸሚዙ ሰማያዊ አለበት። ጋይኑን (የደማቁን ክፍል መቆጣጠሪያ) በጥቂቱ ወደ ሞቃቱ ስትገፉ ጉብታዎቹ እኩል ይመጣሉ፤ ያኔ ጥላው ተዛብቶ እንደሆነ ደግሞ ከታች ባለው ጫፍ ታረጋግጣላችሁ።

ስኮፕን የተማሩ ሰዎች ወደ ተቃራኒው ስሕተት ይገባሉ፤ ምስል ሁሉ ከ0 እስከ 100 መሙላት አለበት ብለው ያምናሉ። ጉም የሸፈነው ሜዳ እውነተኛ ጥቁር የለውም። በግድ ስትፈጥሩለት ጉሙ ይጠፋል።

«ቆዳው መስመሩ ላይ ካረፈ ትክክል ነው»

ቬክተርስኮፕ የተባለው ሌላው ስኮፕ ክብ ነው፤ ከመሃሉ መራቅ የሳቹሬሽን መጠንን፣ አቅጣጫው የቀለሙን ዓይነት ይናገራል። በቀይና በቢጫ መካከል የተሰመረው የቆዳ መስመር ይባላል። የሚገርመው ነገር ጥቁር፣ ጠይም፣ ቀይ ዳማ ወይም ነጭ የምንለው ሁሉ በገለልተኛ ብርሃን ሲቀረጽ በዚሁ መስመር አካባቢ መውደቁ ነው። የቆዳ ቀለም በዋናነት ከሜላኒንና ከደም ስለሚመነጭ ከሰው ሰው በጉልህ የሚለያየው ብርሃኑና ሳቹሬሽኑ ነው።

መስመሩ ጠቃሚ መነሻ ነው፤ ሕግ ግን አይደለም። ፀሐይ ስትጠልቅ የተቀረጸ ፊት ወደ ብርቱካን ማድላት አለበት፤ በሰማያዊ መብራት ሥር የቆመ ሰውም ሰማያዊ ሊያጠላበት ይገባል። ፊቱን ብቻ መርጦ ወደ መስመሩ መጎተት ሰውየውን ከቦታው ቆርጦ እንደ መለጠፍ ነው።

ከዚህ የባሰው «ፊት 70 በመቶ ብርሃን ላይ መሆን አለበት» የሚለው አሮጌ መመሪያ ነው። መመሪያው የወጣው ነጣ ላለ ቆዳ ነው። በፊልም ዘመን የፎቶ ላቦራቶሪዎች ቀለም የሚያመሳክሩባቸው «ሸርሊ ካርድ» የተባሉ ካርዶች ለረጅም ጊዜ የነጭ ሴቶች ምስል ብቻ ነበረባቸው፤ የዚያ አስተሳሰብ ርዝራዥ ዛሬም በየመመሪያው አለ። ጥቁር ፊት በግድ ወደ 70 ሲወጣ ጀርባው ይነጣል፣ ኖይዝ (የምስል ነጠብጣብ) ይወጣል፣ ፊቱም አመድ ይመስላል። የጠቆረ ቆዳ ውበቱ ግንባርና ጉንጭ ላይ በሚያርፈው ነጸብራቅ እና ከእርሱ ቀጥሎ ባለው ጥልቅ ጥላ መካከል ነው። ስለዚህ ሻዶውን በጅምላ ከማንሳት መካከለኛውን ብርሃን በኩርባ (ከርቭ በተባለው መሣሪያ) በጥቂቱ ከፍ ማድረግ፣ ጥቁሩን ባለበት መያዝ፣ ነጸብራቁ ነጥቶ እንዳይቆረጥ መጠበቅ ይሻላል። ጥላው ውስጥ አረንጓዴ ካለ መጀመሪያ እርሱን አውጡ፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ቶሎ ያስታውቃል።

«የተበላሸ ቀረጻ በግሬዲንግ ይድናል»

በከፊል። ሙሉ በሙሉ ነጥቶ የተቆረጠ ሰማይ ውስጥ መረጃ የለም፤ ከሌለ ነገር ዝርዝር አይወጣም። በመስኮት የገባ 5,600 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የቀን ብርሃንና 3,200 ኬልቪን አምፖል አንድ ፊት ላይ ከተገናኙ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል፤ ማስክ (ማስተካከያውን በምስሉ አንድ ክፍል ብቻ የሚወስን ቅርጽ) ይረዳል፣ ሰውየው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግን ሥራው ይበዛል። አምፖሉን ማጥፋት አንድ ሰከንድ ይፈጅ ነበር።

«ያለ ውድ መሣሪያ አይሞከርም»

ዳ ቪንቺ የሚለው የግሬዲንግ መሣሪያ ስም እ.ኤ.አ. በ1984 ሲጀመር የትልልቅ ስቱዲዮዎች ብቻ ነበር። ብላክማጂክ ዲዛይን ኩባንያውን በ2009 ገዛው፤ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ዳ ቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኝ እትም አለው። ነፃው እትም የኖይዝ መቀነሻንና አንዳንድ ኢፌክቶችን ቢነፍግም ለመማር የሚያስፈልጉት ዊሎች (የቀለም ማስተካከያ ክቦች)፣ ኩርባዎች፣ ማስኮች፣ ትራኪንግ (ማስኩ እንቅስቃሴን እንዲከተል ማድረጊያ) እና ኖዶች በሙሉ አሉት።

ገንዘብ ካለ ሞኒተር ላይ ይዋል። ለሬክ 709 የሚመከረው ነጩ 6,500 ኬልቪን አካባቢ፣ ብርሃኑ 100 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ)፣ ክፍሉ ደብዘዝ ያለ እንዲሆን ነው። ስክሪኑን እስከ ጫፍ አብርቶ የሚሠራ ሰው ሳያውቀው ምስሉን ያጨልማል። ስክሪኑን ማታ ወደ ቢጫ የሚያሞቀውን ቅንብር ማጥፋት፣ ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ግራጫ ማድረግ ወጪያቸው ትንሽ ነው።

«ግሬዲንግ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ማስመሰል ነው»

በፊልም ዘመንም የላቦራቶሪ ባለሙያ እያንዳንዱን ሾት እያየ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ማተሚያ ብርሃንን ከ1 እስከ 50 ባለ መለኪያ ይወስን ነበር። ኮምፒውተሩ ያመጣው ከዚህ የበለጠ የመምረጥ ነፃነት ነው፤ የፊልም ቀራጩ ሮጀር ዲኪንስ በ2000 በወጣው «ኦ ብራዘር፣ ዌር አርት ዛው?» በተባለው ፊልም የሚሲሲፒን አረንጓዴ ክረምት ወደ ደረቅ ቢጫ የለወጠው በዚህ መንገድ ነው። የድሮው ዘዴ ለተማሪ አሁንም ይጠቅማል። ለጥቂት ቀናት ሌላውን ሁሉ ዘግታችሁ በኦፍሴት (ምስሉን በሙሉ አንድ ላይ በሚያንቀሳቅሰው መቆጣጠሪያ) ብቻ ሾት ከሾት አስማሙ። አማራጭ ሲያጥር ዓይን ቶሎ ይሠለጥናል።

«እኔ ጋ ያየሁት ሁሉም ዘንድ ያው ነው»

«ኤክስፖርት ሳደርገው ቀለሙ ደበዘዘ» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የግሬዱ ጥፋት አይደለም። ፋይሉ የሚይዘውን የቀለም መለያ አንዱ ማጫወቻ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ ይተረጉመዋል። የብርሃን ወሰኑም አለ፤ መደበኛ ቪዲዮ በ8 ቢት ጥቁርን 16፣ ነጭን 235 ላይ ያስቀምጣል፤ ፋይሉ ሙሉ ወሰን እንዳለው ተደርጎ ከተነበበ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ግሬዱን ከመነካካት በፊት ቅንብሩን መርምሩ። ከዚያ ቪዲዮውን በስልክ፣ በቴሌቪዥንና በሌላ ኮምፒውተር እዩት፤ በአንዱ ብቻ የሚታየውን ጉድለት ተዉት፣ በሦስቱም የሚታየውን አስተካክሉ።