የኮሌጅ ስፖርተኛ ክፍያ፦ «ኤንአይኤል» ደመወዝ አይደለም

በአሜሪካ ኮሌጅ ለሚሮጥ ወይም ኳስ ለሚጫወት ተማሪ ሁለት የገንዘብ መንገዶች አሉ፤ ብዙ ቤተሰብ ያምታታቸዋል።

«ኤንአይኤል» ማለት በራስ ስም፣ ምስልና ገጽታ የመጠቀም መብት ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ፈቅዶታል። ከፋዩ የጫማ ድርጅት፣ ምግብ ቤት ወይም መኪና ሻጭ ሊሆን ይችላል፤ ክፍያው ግን ለማስታወቂያ እንጂ ለጎል አይደለም። በዲቪዚዮን 1 (በከፍተኛው የውድድር ደረጃ) 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ውል መመዝገብ አለበት። የቡድኑ ባለጸጋ ደጋፊ ለአንዲት ፎቶ 50,000 ዶላር ልስጥ ቢል፣ ከገበያ ዋጋ ውጪ ነው ተብሎ ሊታገድ ይችላል።

ሁለተኛው ኮሌጁ ራሱ የሚከፍለው ነው። «ሃውስ» በተባለው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ተፈቅዷል። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ይህ ግን ለኮሌጁ ስፖርተኞች ሁሉ በድምሩ ነው። ጣሪያ እንጂ ግዴታም አይደለም። ክፍፍሉን የሚወስነው ኮሌጁ ስለሆነ አሜሪካን ፉትቦል የአንበሳውን ድርሻ ሲወስድ የረጅም ርቀት ሯጭ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

ከኢትዮጵያ በኤፍ-1 (በተማሪ) ቪዛ የሄደ ሯጭ የበለጠ ይጠንቀቅ። ቪዛው በትምህርት ወቅት የሚፈቅደው በግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራትን ነው። አሜሪካ ውስጥ ማስታወቂያ መሥራት ያልተፈቀደ ሥራ ተብሎ ቪዛውን ሊያሳጣው ይችላል። የአሠልጣኙ «ችግር የለውም» እዚህ ላይ አይሠራም፤ ከመፈረም በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠየቅ።

ግብሩስ? የኤንአይኤል ከፋይ አብዛኛውን ጊዜ ግብር ቀንሶ አያስቀርም፤ ስለዚህ ከተቀበሉት ላይ ለግብር ማስቀመጥ የተማሪው ፈንታ ነው።