ሬጉሌተር ምንድን ነው? የጋዝ ምድጃ እሳት የሚደክምበት ምክንያት

ሬጉሌተር በጋዝ ሲሊንደር አናት ላይ የሚገጠም፣ በውስጡ የታመቀውን ከፍተኛ ግፊት ለምድጃ በሚመች መጠን ዝቅ አድርጎ በአንድ ልክ የሚያሳልፍ ዕቃ ነው። ሲሊንደሩ የያዘው ቡቴንና ፕሮፔን የተባሉት የጋዝ ዓይነቶች በግፊት ፈሳሽ ሆነው የተቀመጡ ናቸው፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የንጹሕ ቡቴን ግፊት ከውጪው አየር በ1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ፣ የንጹሕ ፕሮፔን ደግሞ ከ7 ባር በላይ ይበልጣል። የቤት ምድጃ የሚፈልገው ግን አብዛኛውን ጊዜ 30 ሚሊባር (ሚሊባር የባር አንድ ሺኛ ነው) ገደማ ነው፤ ይህም 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ የዕቃውን ወለል የሚጫነውን ያህል ብቻ ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን ሰፊ ልዩነት ተሸክሞ የሚኖረው ይህ መዳፍ የማይሞላ ብረት ነው።

በውስጡ አንድ ስስ የጎማ ሽፋንና እሱን የሚገፋ ሞላ አለ። ምድጃው ጋዝ ሲወስድ ከሽፋኑ ሥር ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ሞላው ሽፋኑን ወደ ታች ይገፋል፣ መግቢያውም ይከፈታል፤ ግፊቱ ሲመለስ ሽፋኑ ተነሥቶ መግቢያውን ያጠብበዋል። ከሽፋኑ በላይ ያለው ክፍል በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ከውጪው አየር ጋር ይገናኛል። ይህች ቀዳዳ በአቧራና በወጥ ቤት ቅባት ከተደፈነች ወይም ጎማው በእርጅና ከደረቀ ነበልባሉ ሊደክም ወይም ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል።

ሆኖም የእሳት መድከም ሁሉ የሬጉሌተር ጥፋት አይደለም። መብራት በጠፋበት ማታ፣ ሽሮው ተጥዶ ሳለ እሳቱ ሲያንስ፣ በቅድሚያ መታየት ያለበት የደከመው አንዱ የምድጃው ራስ (እሳት የሚወጣበት ክፍል) ብቻ ነው ወይስ ሁሉም የሚለው ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ ሬጉሌተሩ ከጥፋቱ ነጻ ነው፤ ምናልባት የገነፈለ ሽሮ ወይም ከጀበና የፈሰሰ ቡና ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል። ራሱ ከቀዘቀዘ በኋላ ተነቅሎ በሞቀ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፣ በደንብ ደርቆም ይመለስ። ጋዙ የሚወጣባትን የናስ አፍንጫ ግን በመርፌ ወይም በሽቦ መጎርጎር አይገባም፤ ቀዳዳዋ በልክ የተበሳች ስለሆነች ጥቂት እንኳ ብትሰፋ የጋዙና የአየሩ መጠን ይዛባል፣ እሳቱ ቢጫ ሆኖ ድስቱን ያጠቁራል፣ ጭስ በማይታይበትም ቤት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛም ጋዝ ሊፈጠር ይችላል።

ሁሉም ራሶች ከደከሙ ፍለጋው ከምድጃው ወደ ኋላ ይሄዳል። የሲሊንደሩ መክፈቻ በግማሽ ተከፍቶ፣ ጋዙን ወደ ምድጃው የሚወስደው የጎማ ቱቦም ከጠረጴዛው ጀርባ ተጣጥፎ ወይም ተጨፍልቆ እንደሆነ ማየት ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠረጠረው ሲሊንደሩ ራሱ ነው፤ እዚህ ላይ እንደ ጎንደር ባለ ከፍ ያለ ቦታ የአየሩ ጠባይ የራሱ ድርሻ አለው። ፈሳሹ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ ሙቀትን ከራሱና ከብረቱ ይወስዳል። ለበዓል ዶሮ ወጥ ለሰዓታት ሲሠራ ሲሊንደሩ ቀዝቅዞ የሚያልበው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲቀዘቅዝም ግፊቱ ይወርዳል። ጋዙ ድብልቅ ሲሆን ደግሞ ፕሮፔኑ ቀድሞ ስለሚተን ወደ ማለቂያው የሚቀረው በአብዛኛው ብርድ የሚያደክመው ቡቴን ነው። ስለዚህ ንጋት ላይ ደክሞ እኩለ ቀን ላይ የሚበረታ እሳት የሲሊንደሩን ቅዝቃዜ ወይም ማለቅ ያመለክታል፤ ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ፣ ቱቦውም ደህና ሆኖ፣ ጧትም ቀትርም እኩል የሚደክም ከሆነ ጥርጣሬው በሬጉሌተሩ ላይ ይጠነክራል። በሁለቱም ሁኔታ ሲሊንደሩን በእሳት ማሞቅም ሆነ በጎኑ ማጋደም ፈጽሞ አይገባም፤ ሲጋደም ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ገብቶ እሳቱን በድንገት ሊያነድደው ይችላል።

የምግብ መዘግየት ብቻውን የእሳት መድከም ማስረጃ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላና ሽንብራ የሚዘገዩትም በዚህ ነው። በዚያ ላይ አየሩ በሳሳበት ከፍታ በዚያችው አፍንጫ የሚያልፈው ጋዝም ስለሚሳሳ፣ ፍጹም ጤነኛ ምድጃ እንኳ በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ሙቀት በአንድ አሥረኛ ገደማ ያነሰ ይሰጣል።

ይህን ሳያገናዝቡ «ግፊቱ አነሰ» ብለው ለትልልቅ ማብሰያዎች የተሠራ ከፍተኛ ግፊት የሚለቅ ሬጉሌተር የሚገጥሙ ሰዎች እጅግ ያሳስቡኛል። ያረጀ ሬጉሌተር ተፈትቶ አይጠገንም፤ ይለወጣል እንጂ። አዲሱ ከሲሊንደሩ አፍ ጋር በትክክል የሚገጥም፣ በላዩ የታተመውም የግፊት ቁጥር በምድጃው ላይ ከተጻፈው ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። ከተገጠመ በኋላ ምድጃው ሳይለኮስ ሲሊንደሩ ይከፈትና መጋጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ ይቀቡ። አረፋው እየተነፋ ካደገ ጋዝ ያፈሳል ማለት ነው፤ ሲሊንደሩ ወዲያው ይዘጋ፣ በርና መስኮት ይከፈት። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ የመብራት ማብሪያ አይነካ፣ መብራት የጠፋበት ማታ ቢሆንም ሻማ አይለኮስ።