የመርሳት ችግርና የደም ምርመራ በባሕር ዳርና በጣና ዳር

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ አንድ አዛውንት የልጅ ልጃቸው ስም ሲጠፋባቸው ወይም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገዱን ሲስቱ፣ ቤተሰቡ ብዙውን ጊዜ «ጃጅተዋል» ብሎ ነገሩን ለዕድሜ ይተወዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው ሐኪም የሚያዘው የደም ምርመራ የመርሳት በሽታን ራሱን ለማግኘት አይደለም፤ በሽታውን የሚመስሉ ወይም የሚያባብሱ፣ ነገር ግን በሕክምና ሊስተካከሉ የሚችሉ ሕመሞችን ለይቶ ለማውጣት ነው። መርሳቱ በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ ከሆነ ደግሞ የኢንፌክሽን፣ የስኳር ወይም የመድኃኒት ችግር ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም።

እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ባሉ የከተማዋ ሪፈራል ሆስፒታሎችም ሆነ በግል ላቦራቶሪዎች፣ ደም የሚቀዳባቸው ቱቦዎች በክዳናቸው ቀለም ይለያሉ። ወይን ጠጅ ክዳን ያለው ቱቦ ደሙን እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ስላለው ለደም ሴሎች ቆጠራ ይውላል። በቀይ ክዳኑ ቱቦ ያለው ደም ግን ግማሽ ሰዓት ያህል እስኪረጋ ይጠበቃል፤ ከዚያ በማሽን ተሽከርክሮ ከላይ የሚንሳፈፈው ቢጫ ፈሳሽ ይወሰዳል። ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ የኩላሊት፣ የጉበትና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሥራ የሚለካው ከዚህ ፈሳሽ ነው። ሳይለይ የቆየ ደም ግን፣ ሴሎቹ ስኳሩን ስለሚበሉት፣ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነውን ስኳር ያጣል። ስለዚህ ከዘጌ ወይም ከደሴቶቹ ናሙናውን በጀልባ ከመላክ፣ ታማሚው ራሱ መጥቶ ቢቀዳ ይሻላል።

ለዚህ አካባቢ በተለይ ትኩረት የሚገባው ቫይታሚን ቢ12 ነው። ቫይታሚኑ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ሲሆን ሽሮና ምስር የላቸውም። ሆኖም ጾሙን ብቻ መውቀስ ስሕተት ነው፤ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ይይዛልና። ጉድለቱ የሚከፋው በፍስክም ጊዜ ማዕዱ ላይ የእንስሳት ምግብ ሲጠፋ፣ በእርጅና ጨጓራ ቫይታሚኑን ከምግብ ማላቀቅ ሲሳነው፣ ወይም ሰውየው ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን፣ ለጨጓራ ደግሞ ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ሲወስድ ነው። በብዙ ላቦራቶሪዎች መለኪያ ከ200 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ጉድለት አለ ይባላል። ደም ማነስ ሳይታይም ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል፣ የሴል ቆጠራው ደህና ነው ብሎ መተው አያስተማምንም፤ ሌላ የቢ ቫይታሚን የሆነውን ፎሊክ አሲድ ብቻውን መስጠት ደግሞ የደም ማነሱን አስተካክሎ የነርቩን ጉዳት ይደብቃል።

ቂጥኝ አንጎል ውስጥ ሲገባ ሰውን ከአእምሮው ሊለይ እንደሚችል የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1913 የሕመሙ ተሕዋስ በታማሚዎች አንጎል ውስጥ ሲገኝ ነው። ዛሬ ሕክምናው ፔኒሲሊን ነው። የቂጥኝ የደም ምርመራ ግን አዛውንቱን በልጆቻቸው ፊት የሚያሳፍር ስለሚመስል፣ ጤና ባለሙያው ብቻቸውን አነጋግሮ ፈቃዳቸውን ቢጠይቅ መልካም ነው። ለኤች አይ ቪ ምርመራም ይኸው ይሠራል።

ተስፋው ልክ ሊኖረው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ፣ 39 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ፣ ሊድን ይችላል የተባለ ምክንያት በ9 በመቶው ታማሚ ላይ ቢያገኝም፣ በእርግጥ የተሻላቸው 1 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ያም ሆኖ ርካሽ ምርመራ አድርጎ ያንን አንድ ሰው ማግኘት የሚያስቆጭ ልፋት አይደለም። ከራስ ቅል በታች የተጠራቀመ ደምንና ዕጢን ግን የደም ምርመራ አያሳይም፤ ለእነዚህ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል።

የታይሮይድ ሥራ አንሶ ከተገኘ የሚታዘዘው ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከምግብና ከቡና ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይዋጣል፤ ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያደናቅፋልና፣ ቡና ከጓሮ ለሚለቀምባት ዘጌ ይህ ትንሽ ማሳሰቢያ አይደለም። በጾም ቀን እስከ ቅዳሴ መውጫ ውኃ የማይቀምስ ሰው፣ ሐኪሙ ከተስማማ፣ ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ በመኝታው ጊዜ ሊውጠው ይችላል፤ ደሙም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ እንደገና ይለካል።