ሠሪው ራሱ ሲናገር፦ ጀማሪ ኩባንያዎች በበይነ መረብ የውይይት መድረኮች

ለማስታወቂያ የሚከፍለው ገንዘብ የሌለው ጀማሪ ኩባንያ የመጀመሪያዎቹን ተጠቃሚዎች የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሰዎች አስቀድመው ተሰብስበው ከሚወያዩባቸው የበይነ መረብ መድረኮች ነው። ሬዲት፣ ሃከር ኒውስ፣ ፕሮዳክት ሃንት፣ የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ መድረክ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው፣ በአገራችን ደግሞ የቴሌግራም ቡድኖች በዚህ ይታወቃሉ። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ የሠራው ሰው ማንነቱን ሳይደብቅ ይቀርባል፣ ሥራውን ያሳያል፣ ለሚነሣው ጥያቄና ትችት ራሱ መልስ ይሰጣል። የሚከብደው መድረኮቹ በነጋዴ ላይ ያላቸው ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬው ደግሞ የቆየ ምክንያት አለው።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1994 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካ የአሪዞና ግዛት ይሠሩ የነበሩ ባልና ሚስት ጠበቆች፣ ዩዝኔት በተባለው የጥንቱ የውይይት መረብ ላይ አንድን ማስታወቂያ ከ5 ሺሕ በሚበልጡ ቡድኖች ውስጥ በተኑት። የሚወያዩት ስለ ኮምፒውተር ይሁን ስለ ምግብ አሠራር ግድ አልሰጣቸውም፤ ለሁሉም ያው አንድ ጽሑፍ ደረሰ። በታሪክ የመጀመሪያው ታላቅ የበይነ መረብ የማስታወቂያ ወረራ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ድርጊት የዲቪ ሎተሪ ማስታወቂያ መሆኑን ስንቱ የአማርኛ አንባቢ ያውቃል? ጠበቆቹ መንግሥት ምንም ክፍያ የማይጠይቅበትን ማመልከቻ በክፍያ እናስገባለን ነበር የሚሉት። ከተቆጡ ተጠቃሚዎች የጎረፈው መልስ የኢንተርኔት አቅራቢያቸውን ኮምፒውተሮች ደጋግሞ ከሥራ ውጪ አደረጋቸው፤ አቅራቢውም አገልግሎቱን አቋረጠባቸው። እነሱ ግን 100 ሺሕ ዶላር አገኘንበት ብለው በኩራት ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ የተከፈተ መድረክ ሁሉ በሩ ላይ ዘበኛ ማቆሙ አይገርምም።

በዚያው ዩዝኔት ላይ፣ ኦገስት 25 ቀን 1991፣ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ሚኒክስ የተባለውን ሥርዓት ለሚጠቀሙ ሰዎች፣ ለራሱ ደስታ ያህል አዲስ የኮምፒውተር ሥርዓት እየሠራ መሆኑን ነገራቸውና በሚኒክስ ውስጥ የሚወዱትንና የሚጠሉትን እንዲገልጹለት ጠየቀ። ሥራው በኋላ ሊነክስ ተባለ። ቶርቫልድስ ኩባንያም የሚሸጠውም ነገር አልነበረውም። ያም ሆኖ ዛሬ ጥሩ ተብሎ የሚወሰደው አቀራረብ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አለ፦ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ሰዎች መርጦ መሄድ፣ ሥራውን ሳያጋንኑ መግለጽ፣ መልሱ በእርግጥ የሚያስፈልግን ጥያቄ መጠየቅ።

ከኩባንያዎች ወገን በጣም የሚነገረው፣ የሰውን ፋይሎች በኢንተርኔት አስቀምጦ በየኮምፒውተሩ የሚያደርሰው የድሮፕቦክስ ታሪክ ነው። ሃከር ኒውስ የተባለውን መድረክ ጀማሪ ኩባንያዎችን የሚደግፈው ዋይ ኮምቢኔተር በፌብሩዋሪ 2007 ከፈተው። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ድሩ ሂውስተን የተባለ ወጣት ፕሮግራመር፣ ፍላሽ ዲስካችሁን ጣሉት በሚል ርዕስ የሥራውን ማሳያ ቪዲዮ እዚያ አቀረበ። ከአስተያየት ሰጪዎቹ አንዱ ሦስት ነጥብ አነሣ። ሊነክስ የሚጠቀም ሰው ይህን ነገር በነፃ ከሚገኙ መሣሪያዎች በቀላሉ ለራሱ ሊሠራው ይችላል፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ፍላሽ ዲስክን አይተካም፤ ገንዘብ የሚያስገኝም አይመስልም። ይህ አስተያየት እስከ ዛሬ ድረስ የባለሙያ አርቆ አለማየት ምሳሌ ሆኖ ይሳቅበታል። እኔ ግን የሚገርመኝ የሂውስተን መልስ ነው። አልተቆጣም፣ አልተሣለቀም። ብዙ ሰው ሳይለፋ ወዲያው የሚሠራለትን ነገር እንደሚፈልግ አስረዳ፤ እስከ ተወሰነ መጠን በነፃ፣ ከዚያ በላይ በክፍያ እንደሚሆን ገለጸ፤ በቪዲዮው ያልታየ ነገር መኖሩንም ጠቆመ። ተቺው በበኩሉ የመልሱን እውነትነት ተቀብሎ፣ ወደፊት የሚመጣብህን ትችት ቀደም ብዬ ላሳይህ ብዬ ነው በሚል መንፈስ መልካም ዕድል ተመኘለት። እንዲህ ያለው የአደባባይ ክርክር የትኛውም የተከፈለበት ማስታወቂያ የማይሰጠውን ጥቅም ይሰጣል፤ ተመልካቹ ምርቱን ብቻ ሳይሆን ሠሪው ሲፈተን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጭምር ያያል።

በዓመቱ፣ በማርች 2008፣ ሂውስተን ሌላ ቪዲዮ ዲግ ወደተባለው መድረክ ወሰደ። ቪዲዮውን በእጁ የሠራው ሲሆን በሚታዩት ፋይሎች ስምና ይዘት ውስጥ የዲግ ሰዎች ብቻ የሚገባቸውን ቀልዶች ሸጎጠበት። በአንድ ሌሊት ምርቱን ለመሞከር የተመዘገቡት ከ5 ሺሕ ወደ 75 ሺሕ ደረሱ። ቀልዱን ከውጭ የመጣ ሰው ሊጽፈው አይችልም ነበር፤ የቤቱ ልጅ መሆንን ይጠይቃል።

ኢምገር ከዚህም በላይ ወደ አንድ መድረክ የተጠጋ ነው። በ2009 አለን ሻፍ የተባለ የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የሬዲት ተጠቃሚዎች ፎቶ ለማሳየት በሚገለገሉባቸው ጣቢያዎች ሲማረሩ ያይ ስለነበር የራሱን ፎቶ ማስቀመጫ ሠርቶ ለሬዲት በስጦታ መልክ አቀረበው። በመጀመሪያው ጊዜ ወጪውን የሸፈነው በተጠቃሚዎች መዋጮ ነው፤ ኩባንያው ከውጭ ባለሀብት 40 ሚሊዮን ዶላር የተቀበለው በ2014 ነበር። በአንድ መድረክ ላይ ብቻ መደገፍ አደጋም አለው፤ ሬዲት በ2016 የራሱን የፎቶ ማስቀመጫ ከፈተ።

የመድረኮቹ ደንብ ሲነበብ ግትር ይመስላል። ሃከር ኒውስ ውስጥ ሥራውን ለማሳየት የሚመጣ ሰው ነገሩን ራሱ የሠራው፣ አንባቢም ወዲያው ሊሞክረው የሚችል መሆን አለበት። የኢሜይል አድራሻ ብቻ የሚሰበስብ ገጽ አይፈቀድም። ወዳጅን ድምፅ እንዲሰጥ መለመን ክልክል ነው። የዚህ ምክንያቱ በስሌቱ ውስጥ ይገኛል፦ የጽሑፍ ደረጃ የሚወሰነው ባገኘው ድምፅና ከወጣ በኋላ ባለፈው ሰዓት ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ሰዓት የሚገኙ ጥቂት ድምፆች ወደ ፊተኛው ገጽ ሊያወጡት ይችላሉ። ለዚህም ነው ሰዎች ደንቡን ለመጣስ የሚፈተኑት። መድረኩ የተደራጀ ድምፅ የሚለይ ሶፍትዌር አለው፤ የአዲስ ተጠቃሚም ስም በአረንጓዴ ይጻፋል። አንድ ምርት ቀርቦ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ አረንጓዴ ስሞች ተሰልፈው ማወደስ ሲጀምሩ ነገሩ ለማንም ግልጽ ነው።

ሬዲት ላይ እያንዳንዱ ንዑስ መድረክ የየራሱ አወያይና ደንብ አለው። ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው ልማድ አንድ ሰው ከሚያወጣቸው አሥር ነገሮች ስለራሱ ሥራ የሚያወራው ከአንዱ እንዳይበልጥ ነው። ጥፋተኛ የተባለ አካውንት አንዳንዴ በማይታይ ሁኔታ ይታገዳል፤ ባለቤቱ የራሱን ጽሑፍ ያያል፣ ሌላው ግን አያየውም። ጨካኝ ቅጣት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለባዶ አዳራሽ መናገር። ስታክ ኦቨርፍሎው በበኩሉ ምርትን በመልስ ውስጥ መጥቀስን ይፈቅዳል፣ የመላሹ መሆኑ እዚያው እስከተነገረ ድረስ።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት አለ። በ2005 የተመሠረተው ሬዲት ራሱ የጀመረው መሥራቾቹ በፈጠሯቸው ሐሰተኛ ስሞች ጽሑፍ እያወጡ ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ስቲቭ ሃፍማን ይህን በአደባባይ ተናግሯል። ባዶ ቤት እንግዳ አይስብም የሚለው ምክንያታቸው ይገባኛል። ሆኖም ባዶ የሆነን የራስ ቤት መሙላትና ሰው በሞላበት የሌላ ቤት ውስጥ ጭንብል አጥልቆ መግባት እኩል አይመዘኑም።

ሕጉም በዚህ ላይ ቸልተኛ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 ባወጣው መመሪያ ነጋዴ ራሱን ሸማች አስመስሎ ማቅረቡን በማናቸውም ሁኔታ ከተከለከሉት ድርጊቶች መካከል አስፍሮታል። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2009 ባሻሻለው መመሪያ፣ ስለ ምርት የሚመሰክር ሰው ከሻጩ ጋር ያለውን የጥቅም ግንኙነት እንዲገልጽ ይጠይቃል፤ በ2024 ደግሞ ሐሰተኛ ግምገማዎችን የሚከለክል ደንብ አጽድቋል። የሚቀጡት ትንንሾቹ ብቻ አይደሉም። የታይዋን የንግድ ተቆጣጣሪ በ2013 ሳምሰንግን 10 ሚሊዮን የታይዋን ዶላር የቀጣው፣ በተከፈላቸው ጸሐፊዎች አማካይነት ራሱን እያስወደሰ ተፎካካሪውን ኤችቲሲን በውይይት መድረኮች ላይ ያስነቅፍ ስለነበር ነው።

ከሃከር ኒውስ የተወሰደን ስልት እንዳለ አምጥቶ አዲስ አበባ ላይ መተግበር ግን አያዋጣም። እዚያ የሚሰበሰበው በአብዛኛው ፕሮግራመር ነው፤ ለፕሮግራመር የተሠራ መሣሪያ ገበያውን እዚያ ሊያገኝ ይችላል፣ ለእህል ነጋዴ የተሠራ የሒሳብ መተግበሪያ ግን ጭብጨባ እንጂ ደንበኛ አያገኝም። በኢትዮጵያ ውይይቱ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። አንድ ቡድን እስከ 200 ሺሕ አባላት ሊይዝ ይችላል፤ ጥሩውን ወደ ላይ የሚያወጣ የድምፅ ስሌት ግን የለም። መልእክት ከመጣ በኋላ በሌሎች ተገፍቶ ይሄዳል፤ የሚቆየውንና የሚሰረዘውን የሚወስነው የቡድኑ አስተዳዳሪ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከአስተዳዳሪው ጋር በግል ተነጋግሮ ፈቃድ ማግኘት ይቀድማል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አሰልቺ ነው፦ ያንኑ ጥያቄ አዲስ አባል በጠየቀ ቁጥር፣ መተግበሪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ ብሎ ጀምሮ በትዕግሥት እንደገና መመለስ፣ የሌላ ሰው ምርት ለጠያቂው የሚሻለው ከሆነም ያንን መጠቆም።