ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም

ሰሞኑን አንድ አለቃ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን የዋጠውን ትእዛዝ እንዲያብራራ ሲጠየቅ፣ «ለብልህ አይነግሩም» ብሎ ስብሰባውን ሲዘጋ ሰማሁ። «ለአንበሳ አይመትሩም» የሚለውን ቢጨምርበት ኖሮ ስሕተቱ ለራሱም በታየው ነበር።

መመተር በቤታችን የእናቴ ሥራ ነበር። የሁዳዴው 55 ቀን ተጾሞ በፋሲካ የቅርጫው መደብ ዕጣ ሲወጣበትና የደረሰን ሥጋ ወደ ቤት ሲገባ፣ አባቴ ብርንዶውን በጥርሱ ነክሶ በቢላ እየቆረጠ ይበላል፤ እናቴ ግን መክተፊያዋን ስባ፣ ጥርሳቸው ላለቀው ለአያቴና የወተት ጥርሴ ለወለቀው ለእኔ የጣት ጫፍ እያሳከለች ትመትርልን ነበር። ለእኛ ውለታ የነበረው፣ ለአባቴ ቢደረግ ንቀት ይሆን ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ አንበሶች እንደነበሯቸው የታወቀ ስለሆነ፣ አባባሉን ከቤተ መንግሥት አንበሶች ጋር ማያያዝ ይቻል ይሆናል። እኔ ግን የተወለደው ቅርጫ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ማስረጃዬም «መተረ» የምትለው ቃል ብቻ ናት። ቢላ ይዞ መደብ ሲያስተካክል የዋለ ሰው ካልሆነ በቀር፣ መቁረጥን፣ መክተፍንና መዘልዘልን ትቶ መመተርን ማን ይመርጣል? (ቤት እንዲመታ ነው ለሚለኝ አልከራከርም።)

ነገርንም እንደ ሥጋው የምናቀርብበት መጠን ይለያያል። ማብራራት እስኪልም መመተር ነው። ማመልከት አቅጣጫውን አሳይቶ ቀሪውን ለሰሚው መተው ሲሆን፣ ለመጠቆም አንድ ጣት ይበቃል። መጥቀስ ከሁሉም ይቀላል፤ እንጀራን አዋዜ ጫፉን ብቻ ማስነካትም፣ በዓይን ምልክት መስጠትም፣ የሰውን ቃል አንሥቶ ማለፍም መጥቀስ ይባላል። እንግዳ ተቀምጦ ሳለ እናቴ ዓይኗን አንድ ጊዜ ወደ ማስታጠቢያው ከላከች፣ ውኃ ይዤ እነሣ ነበር።

እናቴ ግን ዝም አላለችም፤ ጠቅሳለች። ለአንበሳውም ቢሆን አይመተርለትም እንጂ ሥጋው ይቀርብለታል። በአባባሉ የሚመሰገነው ነገሩ ገና ሲነካለት የሚገባው ሰሚ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ አባባሉ ባዶ ሰፌድ ለሚያቀርብ ተናጋሪ መሸሸጊያ ሆኗል። ያም አለቃ፣ ሦስት ሠራተኞቹ በማግስቱ ሦስት የተለያየ ሥራ ሠርተው ሲመጡለት፣ «በዚህ ቤት ብልህ ጠፋ» አለ።