ቅንጨ አረም ምንድን ነው?

ቅንጨ አረም ከሜክሲኮና ከአካባቢው የመጣ መጤ አረም ነው፤ ከኑግና ከሱፍ አበባ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል። ሳይንሳዊ ስሙ ፓርቴኒየም ሂስቴሮፎረስ ነው፤ በኦሮምኛ ፈረምሲሳ ይሉታል። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታወቀው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በድሬዳዋና በሐረርጌ ነው። አገባቡን አንዳንዶች ከዕርዳታ ስንዴ ጋር፣ ሌሎች ከሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ወታደራዊ መኪኖች ጋር ያያይዙታል። የትኛውም ይሁን፣ ሁለቱ መንገዶች ዛሬም አልተዘጉም፤ አረሙ አሁንም በደንብ ባልተበጠረ ዘር፣ በድርቆሽ፣ በጎማ ጭቃና በጎርፍ ይጓዛል።

ጉዳቱ ቦታ በመሻማት ብቻ አያበቃም። ፓርቴኒን የተባለውን ጨምሮ የሌሎች ተክሎችን ብቅለትና ዕድገት የሚያፍኑ ኬሚካሎች ያመነጫል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ወቅቱን ሙሉ ሳይታረም የቆየ ማሽላ ከምርቱ ከ40 እስከ 97 በመቶ አጥቷል። የበላችው ላም ወተቷ ይመርራል። ሰው ላይ ደግሞ የቆዳ ማሳከክና ቁስለት፣ ማስነጠስና አስም ያስከትላል።

አበባ ያወጣውን ማንም ይለየዋል። ቀጥ ያለ፣ ርዝመቱን ሙሉ ሸንተረር ያለው ግንድ፣ ወደ ላይ የሚበዛ ቅርንጫፍ፣ ጫፉ ላይ 4 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ነጫጭ አበቦች፤ እያንዳንዷ አበባ ቀርበው ሲያዩዋት አምስት ማዕዘን አላት። ችግሩ በዚህ ጊዜ መለየቱ ብዙም አለመጥቀሙ ነው። ዋናው ዕውቀት ገና መሬት ላይ በክብ ተዘርግቶ ግንድ ሳያወጣ ማወቁ ላይ ነው። በዚህ ደረጃ ቅጠሉ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ በለስላሳ ፀጉር የተሸፈነና እንደ ካሮት ቅጠል ደጋግሞ የተሰነጣጠቀ ነው። ከጭቁኝና ከአሪቲ ጋር ካምታታ ቅጠሉን በጓንት አሽቶ ማሽተት ነው፤ እነሱ ኃይለኛ መዓዛ አላቸው፣ ይኼ የለውም።

ለምን ይህን ያህል መቸኮል? ከበቀለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ያብባል፤ አንድ ተክል ከ15,000 እስከ 25,000 ዘር ሊሰጥ ይችላል። እርጥበት ካገኘ ወቅት አይመርጥም። መሬት ላይ የቀረ ዘር ቶሎ ኃይሉን ሲያጣ አፈር የለበሰው ግን ለዓመታት ይቆያል፤ ስለዚህ ዘር ያራገፈውን ማሳ ገልብጦ ማረስ ዘሩን ማስቀመጥ ነው።

መንቀል ከዝናብ በኋላ፣ አፈሩ ሲለሰልስ፣ አበባ ሳይታይ ነው። ጓንት፣ ረጅም እጅጌና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ አስም ወይም የቆዳ አለርጂ ያለበት ሰው ባይነካው ይሻላል። ሥሩ ከነአንገቱ (ሥርና ግንድ ከሚገናኙበት ክፍል ጋር) መውጣት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ በማጭድ የተቆረጠ ተክል ከአንገቱ ብዙ ቀንበጥ አውጥቶ፣ ከበፊቱ አጥሮ፣ ለመሬት ተጠግቶ ያብባል። ያላበበ ከሆነ ለብስባሽ ይሆናል። ያበበውን ግን ከማሳው አውጥቶ፣ በከረጢት አድርጎ፣ አድርቆ ማቃጠል ነው፤ ሲያቃጥሉም ከነፋሱ በላይ መቆም። ኩትኳቶ የተቀበረ ዘር ወደ ላይ ስለሚያወጣ፣ ከ3 ሳምንት በኋላ ያልተመለሱበት ማሳ እንዳልታረመ ይቆጠራል።

አረም ማጥፊያም የሚሠራው በዚያችው የለጋነት ጊዜ ነው። ቱ-ፎር-ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ስለሚገድል ለማሽላ ይመቻል፤ ሆኖም እንደ ሐረርጌ ማሽላውን ከቦሎቄ ጋር ለሚዘራ ወይም አጠገቡ ጫት ላለው ገበሬ አደገኛ ነው። ግላይፎሴት ሣሩንም ስለሚጨርስ የተራቆተው መሬት መልሶ የቅንጨ አረም ይሆናል። መጠኑን ከዕቃው ላይ ካለው መመሪያ መውሰድ እንጂ በግምት መጨመር አያፈጥነውም።

በግጦሽ መሬት ላይ የሚሻለው መድኃኒት ሣር ነው። ከብት አብዝቶ የጋጠው ቦታ ክፍት ስለሚሆን፣ ለጊዜው ከልሎ ሣሩ እንዲያገግም ማድረግ ከርጭት ይልቅ ይዘልቃል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሁለት ነፍሳት በወለንጪቲ አካባቢ ተለቅቀዋል፦ ቅጠል በሊታዋ ዛይጎግራማ ጥንዚዛ፣ እና እጯ ግንድ የምትቦረቡረው ሊስትሮኖተስ። ከመለቀቃቸው በፊት ኑግን በመሳሰሉ ሰብሎች ላይ ተፈትሸዋል። ጥንዚዛዋ በደረቅ ወቅት አፈር ውስጥ ተደብቃ በዝናብ ስለምትወጣ፣ እስክትባዛ ድረስ አረሙ ይቀድማታል፤ በማሳ ላይ እሷን ተማምኖ ነቀላ ማቆም አይቻልም።

አዲስ የገባበት ቀበሌ የሚያተኩረው በመንገድ ዳር፣ በቦይ ዳርና በገበያ ቦታ ላይ ይሁን፤ አረሙ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። የተገኘበት ቦታ ምልክት ተደርጎበት፣ ዝናብ ባለበት ወቅት ሁሉ በየ3 ሳምንቱ፣ ምንም ባይታይም ለተከታታይ ዓመታት ይጎበኛል።