ሜዳ ማናፈስ ምንድን ነው?

«ሜዳው ደክሟል። በሩ ተዘግቶ ሁለት ወር ይናፈስ።»

ስለ ሳር ሜዳ የምትባለውን ይህችን ንግግር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰማኋት። መጀመሪያ ከሬዲዮ፣ ቀጥሎ ቡና ላይ ከጎረቤቴ፣ በመጨረሻም እዚሁ ጅማ የሳር ሥራ ከሚያሠራ ሰው። ሁለቱን አለፍኳቸው። ሦስተኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ሰዎቹ «ይናፈስ» ሲሉ «ይረፍ» ማለታቸው ነው። ቃሉ ራሱ ስለሚያሳስት ብዙም አልፈርድባቸውም። ወሬ ይናፈሳል። ሰው ለመናፈስ ቦዬ ኩሬ ድረስ ይወርዳል። በእኛ አገር ደግሞ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና እየተገላበጠ ይናፈሳል። ስለዚህ የሚናፈስ ሜዳ ወይ ያርፋል ወይ ይገላበጣል ብሎ ማሰብ አይገርምም።

በሳር ሙያ ግን ከሁለቱም አንዱ አይደለም። ማናፈስ ማለት ከተጠቀጠቀ አፈር ላይ ጣት ጣት የሚያህል አፈር እየነቀሉ ማውጣትና ቦታውን ለአየር፣ ለውሃና ለሥር ክፍት መተው ነው። «ማውጣት» የሚለውን ያዙልኝ። እንደ እኛው ሸክላነት ያለው አፈር ላይ አፈር ካልወጣ አልተናፈሰም።

እንጀራ አስቡ። ጥሩ እንጀራ ዓይን አለው፤ ወጡን የሚይዘው ዓይኑ ነው። ጥሩ አፈርም እንደዚያው ነው። በግምት ግማሹ ብቻ ነው ጠጣር አፈር። ሌላው ግማሽ ክፍተት ነው፤ ከክፍተቱ ገሚሱን ውሃ፣ ገሚሱን አየር ይይዘዋል። የሰው እግር እርጥብ አፈር ላይ በተመላለሰ ቁጥር ቀድሞ የሚጠፋው ትልልቁ ዓይን ነው። አየር የሚገባውና የዝናብ ውሃ የሚወርደው ደግሞ በዚያ ነበር። ልሙጥ እንጀራ ሆነ ማለት ነው። ወጡ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሜዳችን ላይ ዝናብ ኩሬ ሠርቶ እንደሚያድረው።

እንግዲህ ልሙጥ ሆኖ የወጣን እንጀራ ሁለት ወር መሶብ ውስጥ ብታሳርፉት ዓይን ያወጣል? ይሻግታል እንጂ!

እርግጥ አፈር እንጀራ አይደለም፤ ሕይወት አለው። የመሬት ትል ይሰረስረዋል፣ ሥር ይሰነጥቀዋል። ረጅም ዕረፍት ጨርሶ አይረባም አልልም። ግን ነገሩ በሁለት ወር የሚያልቅ አይደለም። ዋልካ አፈር ቢሆን በበጋ ተሰነጣጥቆ ራሱን በመጠኑ ይከፍት ነበር። የጅማ ቀይ አፈር እንደዚያ አይሰነጠቅም። ሲፈጠር ውሃ የሚያሳልፍ ሸጋ አፈር ነው፤ የሚበላሸው የላይኛው ስንዝር የማይሞላ ክፍሉ ሲረገጥ ነው። ዕረፍት ቅጠሉን ያለመልመዋል። ሜዳው ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ከተጫወቱበት በኋላ ግን ተመልሶ ራሰ በራ ይሆናል።

«ታዲያ ዩሪያ እንጨምርበት» የሚልም አለ። የሳሩ ችግር ረሃብ ሳይሆን መታፈን ነው። ሥር ያለ ኦክስጅን ማዳበሪያ መሳብ ይቸግረዋል። ውሃ የተኛበት አፈር ላይ ደግሞ ከናይትሮጅኑ የተወሰነው ጋዝ ሆኖ ይተናል። ብራችሁ ነው የሚተነው።

ወደ ሦስተኛው ሰውዬ ልመለስ። እሱ ማሳረፍ ብቻ አይደለም ያሰበው። ጣውላ ላይ ሚስማር አስመትቶ ሜዳውን አስወግቷል። «አናፍሼዋለሁ፤ አሁን ይረፍ» ነው የሚለው። ልሙጡን እንጀራ በስንደዶ ብትወጉት ዓይን ሆነ ይባላል? ሚስማር አፈር አያወጣም፤ ወደ ጎን ይገፋዋል። የቀዳዳው ግድግዳ ከበፊቱ ይብስ ይጠቀጠቃል። (አሸዋ ላይ በተሠሩ የውጭ ሜዳዎች አፈር የማያወጣ ቀጫጭን ድፍን የብረት ጥርስ በየመሃሉ ይጠቀማሉ፤ እሱ ስህተት አይደለም። ሸክላነት ባለው አፈር ላይ ግን አይሆንም።)

ይኼን ሁሉ የሠራው መቼ መሰላችሁ? በሰኔ። ለምን ስለው «የጎልፍ ሜዳ ባለሙያዎች ከክረምት በፊት አናፍሱ ይላሉ» አለኝ። የውጭ አገር ቪዲዮ አይቶ ነው።

የእነሱ ክረምት እኮ የእኛ ክረምት አይደለም! የእነሱ ብርድ ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ማለትም የእኛ በጋ። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። መዝገበ ቃላቱ ለእነሱ ብርድም ለእኛ ዝናብም «ክረምት» የሚል አንድ ቃል ስለሰጠ ሣሩም አንድ ዓይነት ኑሮ ይኖራል ማለት አይደለም።

እነዚያ ባለሙያዎች የሚያወሩት ስለ ግሪን ነው፤ ጉድጓዱ ያለበትና ኳሷ የምትንከባለልበት ለስላሳው ቦታ። እዚያ ሳሩ የሚታጨደው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ነው። የኳስ ሜዳ ሳር ከዚያ ወደ አሥር እጥፍ ይረዝማል። 3 ሚሊ ሜትር ቅጠል ይዞ ሥሩን የሚመግብ ሳር ምን ያህል በቋፍ እንደሚኖር አስቡት። ለዚህም ነው ብዙ ግሪን ተራ አፈር ላይ የማይሠራው። የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጣው አሠራር፣ ከታች 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋማ አፈር ይደረጋል።

በቀዝቃዛው አገር ግሪን ላይ ያለው ሳር ብርድ ወዳድ ዓይነት ነው። ለእሱ ጥሩው ጊዜ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ማለት ጀምሯል፤ አፈሩ ግን ገና ሞቃት ነው። ያኔ ጣት የሚያህለውን የአፈር እንክብል ያወጣሉ፣ ቀዳዳውን በአሸዋ ይሞላሉ፤ ብርዱ ሲቃረብ ደግሞ የማጨጃውን ከፍታ ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ፣ ናይትሮጅን ይቀንሳሉ። ሳሩ እድገቱ ሳይቆም ቀዳዳውን ለመዝጋት ጥቂት ሳምንት ያገኛል። ካረፈደ ግን ቁስሉ ብርዱ እስኪያልፍ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ናይትሮጅኑ ከበዛ ደግሞ ለስላሳው ቅጠል በብርዱ ወቅት ለሻጋታ በሽታ ይጋለጣል። «ከክረምት በፊት» ማለት ይኼ ነው። ወሩን ሳይሆን ሳሩ የሚያድግበትን ጊዜ ነው የሚከተሉት።

እዚያው አሜሪካ ወደ ደቡብ ብትወርዱ ምክሩ ይገለበጣል። እዚያ ግሪኑ ላይ ያለው ቤርሙዳ የሚሉት ሙቀት ወዳድ ሳር ስለሆነ የሚያናፍሱት በበጋቸው፣ ሙቀቱ ሲበረታ ነው። ቤርሙዳ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሰርዶ! ከበቆሎ ማሳችን እየረገምን የምንነቅለው ሰርዶ። ሰርዶ ላይ ሥራ ይዞ የብርድ ሳር ምክር መከተል የበግ መድኃኒት ለዶሮ መስጠት ነው።

ለጅማ ሰርዶ ጊዜው ሚያዝያና የግንቦት መጀመሪያ ነው። የበልጉ ዝናብ አፈሩን አለስልሶታል፣ ገና ጭቃ አላደረገውም፣ ፀሐይም አለ። ቀዳዳው በጥቂት ሳምንት ይሸፈናል። ሌላ ዙር ካስፈለገ መስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲቀንስ። በሰኔ አይሆንም። እርጥብ ሸክላ ውስጥ የገባ ብረት የቀዳዳውን ግድግዳ እንደተለቀለቀ ግድግዳ ይለስነዋል፤ ውሃም ሥርም አያሳልፍም። ከመጀመራችሁ በፊት ከ5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር አውጥታችሁ በመዳፋችሁ ጨብጡ። ጣታችሁ መሃል ተጨምቆ ከወጣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

ሜዳው መጠቅጠቁንስ በምን ታውቃላችሁ? በካቻቢቴ። ዝናብ በዘነበ ማግስት እጀታውን ይዛችሁ ወደ አፈሩ ግፉ። በእጅ ግፊት ብቻ 10 ሴንቲ ሜትር ከገባ ችግራችሁ ሌላ ነው። ሁለት ጣት ገብቶ እምቢ ካለ ግን ተጠቅጥቋል።

መሣሪያው ከውጭ ይምጣ ካላችሁ ትጠብቃላችሁ። እኔ ብየዳ ቤት ሄጄ አራት ቁራጭ የግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ አፉን አስሹዬ፣ በእግር የሚረገጥ ብረት ላይ አስበየድኩ። የቧንቧውን ጎን ክፍት ማስደረግ ያስፈልጋል። አለበለዚያ ቀይ አፈር ውስጡ ተሰንቅሮ ቀኑን ሙሉ በሽቦ ስትጎረጉሩ ትውላላችሁ። የመጀመሪያ ቀኔ እንዲያ ነው ያለፈው።

በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ብትበሱ በካሬ ሜትር 400 ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው የተነካው ከሜዳው ገጽ 5 በመቶ አይሞላም። ስለዚህ «አንዴ አናፍሰነዋል» ብሎ መመጻደቅ የለም፤ ዓመት በዓመት ነው። 105 በ68 ሜትር የሆነ ኳስ ሜዳ ደግሞ ወደ 3 ሚሊዮን ቀዳዳ ይፈልጋል። በእግር እየረገጡ የሚሞከር አይደለም። ጎሉ አፍና መሃል ሜዳው ላይ ብትሠሩ ይበቃል፤ የሚረገጠው እሱ ነው።

አሸዋ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ባልጠየቃችሁኝም። ቀዳዳውን በአሸዋ መሙላት ጥሩ ነው። ጥቂት አሸዋ ከሸክላ ጋር አደባልቆ መቆፈር ግን አደጋ ነው። አሸዋው እስካልበለጠ ድረስ ድብልቁ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። የሕንፃ አሸዋ ከመግዛታችሁ በፊትም ጥቂቱን የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጣችሁ አስቀምጡት። ላዩ ላይ ወፍራም ጭቃ ከሠራ አትግዙ።

ይህን ሥራ አንድ ግቢ ውስጥ ከአዛውንት አትክልተኛ ጋር ነው የሠራሁት። ቀኑን ሙሉ ዝም ብለው ሲረግጡ ዋሉ። ማታ ላይ የወጣውን እንክብል ክምር አይተው «ልጄ፣ ይኼንን የት ልታደርገው ነው?» አሉኝ።

«ቀዳዳውን በአሸዋ ስለምንሞላው ይጠረጋል፣ ይጣላል ጋሼ።»

«ይጣላል?» አሉና ጆንያ አመጡ። ለቡና ችግኝ ፕላስቲክ ሊሞሉት ነው። ሳሩ ላይ የአረም መድኃኒት ተረጭቶ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ተረጭቶ ከሆነ ችግኙን ያበላሸዋል። «እኔ እያለሁ ማን ይረጫል» አሉኝ። ሁለት ጆንያ ሞሉ።